ማይክሮቲዩቡልና የአንጎል ዕጢ ሕክምና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ሰዎች ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ደጋግመው የጠየቁኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ አድርጌ አስቀምጫለሁ (ዶክተር የሚሉኝ አሉ፣ ፋርማሲስት ነኝ)። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማይክሮቲዩቡል ምንድን ነው?

በሕዋሶቻችን ውስጥ ያለ፣ ከፕሮቲን የተሠራ፣ እንደ መቃ ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን ቱቦ ነው። ውፍረቱ 25 ናኖሜትር ገደማ ነው። የራስ ፀጉር 80,000 ናኖሜትር ያህል ይወፍራል፤ ስለዚህ በአንዲት ፀጉር ውፍረት ላይ 3,000 ያህል ቱቦዎች ጎን ለጎን ይደረደራሉ ማለት ነው።

ቱቦው የሚሠራው ቲዩቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ነው። አልፋና ቤታ የተባሉ ሁለት ቲዩቡሊኖች ጥንድ ይሆናሉ፤ ጥንዶቹ እንደ ጨሌ እየተሰኩ ክር ይወጣቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ 13 ክሮች ተያይዘው ክብ ሲሠሩ ማይክሮቲዩቡል ይሆናል።

ለሕዋሱ ምን ይሠራለታል?

ምሰሶው ነው፣ መንገዱም ነው። ምሰሶነቱ ግልጽ ነው፤ ሕዋሱ ቅርጹን ይዞ እንዲቆም ያግዘዋል። መንገድነቱ ግን ይገርማል። ኪኔሲንና ዳይኒን የሚባሉ ተሸካሚ ፕሮቲኖች ጭነት ይዘው በቱቦው ላይ ይራመዳሉ። ይራመዳሉ ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ኪኔሲን እግር የሚመስሉ ሁለት ጫፎች አሉት፤ አንዱን ረግጦ ሌላውን ያነሳል፣ አንዷ እርምጃው 8 ናኖሜትር ናት። ሂርማታ ገበያ ላይ ቡና በጆንያ የሚያወርዱ ወዛደሮችን ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

መንገዱ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለነርቭ ነው። ከወገብ ተነስቶ እግር ጣት የሚደርስ የነርቭ ክር አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሕዋሱ ጣት ጫፍ ላይ የሚያስፈልገውን የሚልከው በማይክሮቲዩቡል ላይ እያስጫነ ነው። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ትመጣለች።

ሕዋስ ለሁለት ሲከፈልም ያለ ማይክሮቲዩቡል አይሆንም። 46ቱ ክሮሞዞሞች ተባዝተው መሃል ላይ ይሰለፋሉ፣ ከሁለቱም ጫፍ የመጡ ቱቦዎች ይይዟቸዋል፣ ከዚያ ግማሹ ወደዚህ ግማሹ ወደዚያ ይጎተታል። ካንሰር ሐኪሞችን የሳባቸው ይህ ሥራው ነው።

ሲሠራ ሲፈርስ ይኖራል የሚባለውስ?

የእድር ድንኳን ነው። ልቅሶ ሲሰማ ብረቱ ከመጋዘን ይመጣል፣ ጎረምሶቹ ይገጣጥሙታል፣ ሸራው ይጣልበታል። ሐዘንተኛው ሲነሳ ተነቃቅሎ ያው ብረት ሌላ ሰው ቤት ይቆማል። ማይክሮቲዩቡልም ጫፉ ላይ ጥንዶች እየተሰኩበት ቀስ ብሎ ያድግና ድንገት ይናዳል፤ የተናዱት ጥንዶች ሌላ ቦታ ሌላ ቱቦ ይሆናሉ። ይህን ጠባዩን እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳዩት ቲም ሚቺሰንና ማርክ ኪርሽነር ናቸው።

የሚወስነው ጫፉ ነው። ጫፉ ላይ የተሰካው ቲዩቡሊን ጂቲፒ የሚባለውን ጉልበት ያዘለ ሞለኪውል እንደያዘ ከቆየ ቱቦው ይጸናል። ጂቲፒው ተሰብሮ ካለቀና አዲስ ጥንድ ካልደረሰ ግን ክሮቹ ወደ ውጪ እየተላጡ ቱቦው ይፈርሳል።

ይህ ከካንሰር መድኃኒት ጋር ምን አገናኘው?

እድሩን ማስቆም የፈለገ ሰው ሁለት መንገድ አለው። ብረቱ እንዳይጋጠም አፉን መድፈን ይችላል። ወይም አንዴ የቆመውን ድንኳን በየዳጅ ጠርቶ ማስበየድ ይችላል፤ ያኔ ድንኳኑ ቆሟል፣ ግን ለሚቀጥለው ልቅሶ የሚነሳ ብረት የለም። ቪንክሪስቲንና ቪንብላስቲን የመጀመሪያውን ያደርጋሉ፣ ፓክሊታክሴል ሁለተኛውን። በሁለቱም በኩል ክሮሞዞሞቹን የሚጎትት ስለሚጠፋ ሕዋሱ ክፍፍሉ መሃል ላይ ተይዞ ይቀራል፣ ብዙውን ጊዜም ይሞታል።

የቪንካዎቹ (የቪንክሪስቲንና የቪንብላስቲን) አመጣጥ እንዲያው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ካናዳ ውስጥ ሮበርት ኖብልና ቻርለስ ቢር ከጃማይካ የመጣ የአበባ ተክል ቅጠል ደረሳቸው፤ ለስኳር በሽታ እየተፈላ ይጠጣ ነበር። ስኳሩን አልነካውም። የሙከራ እንስሳቱን ነጭ የደም ሕዋስ ግን ጣለው። ነጭ የደም ሕዋስ ከጣለ የደም ካንሰርንስ ብለው ሄዱበት። ቪንክሪስቲን እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ፤ እስካሁንም በብዛት የሚታየው የሕፃናት የደም ካንሰር ሕክምና ያለ እሱ አይታሰብም። ፓክሊታክሴል ደግሞ ከአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ዛፍ ልጣጭ የወጣ ነው። ሞንሮ ዎልና መንሱክ ዋኒ ቅርጹን በ1971 አሳተሙ፣ ሱዛን ሆርዊትዝ ቱቦውን እንደሚያጸና በ1979 አሳየች፣ በ1992 ለእንቁልጢ ካንሰር ጸደቀ። እዚህ አገር በይበልጥ የሚታወቀው በጡት ካንሰር ነው።

የአንጎል ዕጢ ሁሉ ካንሰር ነው?

አይደለም። ለምሳሌ ከአንጎል ሽፋን የሚነሳው ሜኒንጂዮማ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ነገር ግን የራስ ቅል አይሰፋም፤ ደግ ዕጢም ቢሆን ካደገ ይጫናል። ከጡት ወይም ከሳንባ ተነስቶ አንጎል ላይ ያረፈም አለ። ከአንጎል ከራሱ ከሚነሱት ውስጥ በአዋቂዎች ላይ ክፉውም ብዙውም ግሊዮብላስቶማ ነው፣ ደረጃው 4። ስለ ማይክሮቲዩቡልና ስለ አንጎል ዕጢ ሲወራ የሚታሰበው በአብዛኛው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ በፊት ጥሎት የማያውቅ ትልቅ ሰው በድንገት ከጣለው፣ ወይም ጠዋት ጠዋት ከማስመለስ ጋር የሚመጣና እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ካለ፣ ወይም አንድ ጎን ከደከመ፣ ወደ ጸበልም ወደ ዱዓም ይኬድ፣ ግን በዚያው ሳምንት ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይነሳ። እኔ ጋ ራስ ምታት እያሉ ለወራት ፓራሲታሞል የገዙ ሰዎች አሉ።

ለግሊዮብላስቶማ አሁን የሚሰጠው ሕክምና ምንድን ነው?

በተቻለ መጠን ቀዶ ማውጣት፣ ከዚያ 60 ግሬይ (የጨረር መለኪያ ነው) ጨረር በ30 ጊዜ ተከፋፍሎ ለስድስት ሳምንት፣ ከጨረሩ ጋርና ከዚያም በኋላ ቴሞዞሎማይድ የሚባል የሚዋጥ ኬሞ። ይህ ቅደም ተከተል የቆመው እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ትልቅ ጥናት ላይ ነው። ጨረር ብቻ ያገኙት መሃለኛ ዕድሜያቸው (ግማሾቹ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ) 12.1 ወር ነበር፣ ቴሞዞሎማይድ ሲጨመር 14.6 ወር ሆነ። ሁለት ዓመት የቆዩት ደግሞ ከ10.4 በመቶ ወደ 26.5 በመቶ ከፍ አሉ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለታመመው ቤተሰብ ግን አንድ ሠርግ፣ አንድ ምረቃ ነው።

ቴሞዞሎማይድ የሚመታው ዲኤንኤን ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ በዋናው ሕክምና ውስጥ ማይክሮቲዩቡልን የሚነካ መድኃኒት አንድም የለም። ጨረሩን በተመለከተ፣ ለብዙ ዓመት በአገሩ ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ጅማን ጨምሮ ከአዲስ አበባ ውጪም ይሰጣል። ከአጋሮ ወይም ከዴዶ ለሚመጣ ሰው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ስድስት ሳምንት ቤት መከራየት ከመቅረቱ የበለጠ ምን አለ።

ዴክሳሜታዞንን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት ስለሚቀንስ ተኝቶ የነበረው ሰው በሁለት ሦስት ቀን ተነስቶ ቡና ይጠጣል። ቤተሰብም ዳነ ይላል። አልዳነም፣ እብጠቱ ነው የጎደለው። ዳነ ብሎ መድኃኒቱን በራስ ድንገት ማቋረጥ ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ ሐኪሙ ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው።

ጡት ላይ የሠራው ፓክሊታክሴል አንጎል ላይ ለምን አይሠራም?

ስለማይገባ። ሌላው አካላችን ላይ ከደም ሥር ግድግዳ ክፍተት እየሾለከ መድኃኒት ይወጣል። የአንጎል ደም ሥር ሕዋሶች ግን እርስ በርስ የተሰፉ ያህል ጥብቅ ናቸው። ሾልኮ የገባ ቢኖር እንኳ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚባል ፓምፕ ይዞ ወደ ደሙ ይመልሰዋል። ይህ የደም-አንጎል አጥር ይባላል። ፓክሊታክሴልም ቪንክሪስቲንም ፓምፑ ከሚያስወጣቸው ውስጥ ናቸው።

ዕጢው መሃል ላይ አጥሩ ይላላል፤ በኤምአርአይ የሚበራውም ለዚህ ነው። ችግሩ ያለው ዳር ላይ ነው። ግሊዮብላስቶማ ሥር እየሰደደ ጤነኛ አንጎል ውስጥ ይገባል፣ እዚያ አጥሩ አልተነካም። ቀዶ ሐኪሙ የማይደርስባቸው፣ መድኃኒቱም የማይደርስባቸው፣ በሽታውን የሚመልሱት እነዚያ ሕዋሶች ናቸው። የሚያስቀው ነገር፣ ፒሲቪ የሚባለው ለአንዳንድ የአንጎል ዕጢዎች የሚሰጥ የሦስት መድኃኒት ጥምር ውስጥ ቪንክሪስቲን አለበት። እንደማይገባ እየታወቀ ለምን ይሰጣል የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ እኔም ጥያቄያቸው ትክክል ይመስለኛል።

በደም ካልገባ በወገብ በኩል በመርፌ ለምን አይሰጥም?

ይገድላል። ቪንክሪስቲን በስህተት በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ የተሰጣቸው ሰዎች ከጥቂቶች በቀር ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወገብ መርፌ ጋር እንዳይምታታ በስሪንጅ ሳይሆን በትንሽ የፈሳሽ ከረጢት ተበጥብጦ በደም ሥር እንዲሰጥ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ኬሞ የሚወስድ ሰው እግሩ ለምን ይደነዝዛል?

ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ እነሆ። መድኃኒቱ የዕጢውን ቱቦ ከነርቭ ቱቦ ለይቶ አያውቅም። ነርቭ አይከፋፈልም፣ ስለዚህ በክፍፍል አይሞትም፤ ግን ጭነቱ የሚሄድበት መንገድ ተቆርጧል። መጀመሪያ የሚራበው ረጅሙ ነርቭ ነው፣ የረጅሙም ጫፍ። ስለዚህ ከእግር ጣት ይጀምራል፣ ቀጥሎ የእጅ ጣት። አንዲት ፓክሊታክሴል የምትወስድ እናት ስትነግረኝ፣ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ መንገድ ላይ መቅረቱን ያወቀችው ሰው ሲጠራት ነው። ቪንክሪስቲን የአንጀትን ነርቭ ስለሚነካ ከባድ የሆድ ድርቀትም ያመጣል፤ ይህን ማፈር የለም፣ ለሐኪም ይነገር፣ መጠኑ ይስተካከላል።

ለአንጎል ዕጢ ማይክሮቲዩቡልን መምታት ከባድ የሆነውም እዚሁ ላይ ነው። አጥሩን የሚያልፍ መድኃኒት ቢገኝ የሚገባበት ቦታ በዓለም ላይ ማይክሮቲዩቡል በጣም የሚያስፈልገው ሕዋስ የሰፈረበት ነው።

አጥሩን መክፈት አይቻልም?

ለጊዜው ይቻላል። ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች በደም ሥር ይሰጡና በአልትራሳውንድ ሲመቱ ይርገበገባሉ፤ የደም ሥሩን ግድግዳ ለአጭር ጊዜ ያላሉታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ቺካጎ ያሉ የኖርዝዌስተርን ሐኪሞች ዕጢው በተመለሰባቸው 17 ሰዎች ላይ የሞከሩትን አሳተሙ። ዘጠኝ የአልትራሳውንድ አመንጪ ያለው መሣሪያ ከራስ ቅል ላይ ተተክሎ፣ አልቡሚን ከሚባል የደም ፕሮቲን ጋር የተጣበቀ ፓክሊታክሴል ተሰጣቸው። አጥሩ በተከፈተበት የአንጎል ክፍል መድኃኒቱ ወደ 3.7 እጥፍ ጨመረ።

ጥናቱ የታሰበው ስንት መጠን ይቻላል የሚለውን ለማወቅ ነው፣ ዕድሜ ያራዝማል አያራዝምም ለማለት አይደለም። ሆኖም ከ1971 ጀምሮ የሚታወቅ መድኃኒት በሩ ሲከፈትለት ወደ አንጎል መግባት እንደሚችል ያሳያል። ከሁሉም አቅጣጫ ተስፋ የምጥልበት ይህኛው ነው።

ጭንቅላት ላይ የሚለጠፈው የኤሌክትሪክ ቆብስ?

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህን ነው፣ ቪዲዮው ስለሚማርክ ይመስለኛል። የዕጢውን ሕዋሶች ክፍፍል በኤሌክትሪክ መስክ ለማወክ የሚደረግ የግሊዮብላስቶማ መሣሪያ ነው። ፀጉር ይላጫል፣ አራት የሚለጠፉ ጨርቆች በራስ ቅል ዙሪያ ይጣበቃሉ፣ እያንዳንዱ ላይ ዘጠኝ የሴራሚክ ቁልፎች አሉ፣ ሽቦው ትከሻ ላይ ወደሚንጠለጠል ባትሪ ይሄዳል። በቀን ቢያንስ 18 ሰዓት ይደረጋል፤ ተኝተውም። ሐሳቡ የእስራኤላዊው ዮራም ፓልቲ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2011 ዕጢው ለተመለሰባቸው፣ በ2015 ደግሞ ለአዲስ ታማሚዎች ተፈቀደ።

የሚልከው በሰከንድ 200,000 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ደካማ የኤሌክትሪክ መስክ ነው። የቤታችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፤ ያ ነርቭና ጡንቻን ያንዘፈዝፋል፣ ይህኛው በጣም ስለሚፈጥን ነርቭ አይከተለውም፣ ሰውየውም በብዛት የሚሰማው ሙቀት ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ከሆነ ብሎ የፊዚዮቴራፒ ማሽን ጭንቅላት ላይ ማድረግ ምንም አያገናኘውም፤ ጠይቀውኝ ስለሚያውቁ ነው።

695 ሰዎች የገቡበት ጥናት ላይ ከቴሞዞሎማይድ ጋር መሣሪያውን ያደረጉት መሃለኛ ዕድሜያቸው 20.9 ወር ሲሆን ቴሞዞሎማይድ ብቻ የወሰዱት 16.0 ወር ነበር። የሚተቹት ደግሞ ሌላኛው ቡድን የማይሠራ አስመሳይ ቆብ አልተሰጠውም ይላሉ። ትችቱ ተገቢ ነው። ግን አምስት ወር የሚያህል ልዩነት በሐሳብ ብቻ ይመጣል ብዬ አላምንም።

ስለ ማይክሮቲዩቡልና ኤሌክትሪክ የሚያጠናው ሳይንቲስት ማነው? ምን አገኘ?

ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው ጃክ ቱሺንስኪ ነው፣ ካናዳ ውስጥ በአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመት የሠራ ትውልደ ፖላንድ የፊዚክስ ሰው። ሐኪም አይደለም፤ ለእኔ የሚጥመኝም ይኸው ነው። ሐኪም ቱቦውን ሲያይ ምሰሶ ነው የሚያየው። እሱ ያየው ሽቦ ነው። ቲዩቡሊን ላዩ በአሉታዊ ቻርጅ የተሞላ ስለሆነ በፈሳሹ ውስጥ ያሉ አዎንታዊ አዮኖች ዙሪያውን ይከቡታል፣ በርዝመቱም መፍሰስ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረቦቹ ጋር ማይክሮቲዩቡል የኤሌክትሪክ ምልክትን ማጉላት እንደሚችል የሚያሳይ ሥራ አሳትሟል።

ከቆቡ ጋር የሚያገናኘው የሚከተለው ነው። መጀመሪያ የተሰጠው ማብራሪያ መስኩ የቲዩቡሊን ጥንዶችን እንደ ኮምፓስ መርፌ እያዞረ በትክክል እንዳይሰኩ ያደርጋል የሚል ነበር። በ2016 ቱሺንስኪና ሦስት ባልደረቦቹ ነገሩን በስሌት ፈተሹት። እነሱ እንደሚሉት መስኩ በእንዲህ ያለ ፍጥነት ሲቀያየር ከሕዋሱ ሽፋን አልፎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ሕዋሱ ለመከፈል ወገቡ ሲቀጥን ደግሞ እዚያች ጥበት ላይ ኃይሉ ይበረታል። ለተጽዕኖው የበለጠ የሚያሳምኑ ምክንያቶች ብለው ያስቀመጧቸው በማይክሮቲዩቡል ዙሪያ የሚሄደው የአዮኖች ማዕበልና በቱቦው የራሱ ዋልታ ላይ የሚያርፈው ኃይል ናቸው።

ይህ ስሌት ነው እንጂ የታከመ ሰው ታሪክ አይደለም። ቱሺንስኪን የአንጎል ዕጢ መድኃኒት አገኘ እያሉ የሚያወሩ አሉ፤ እነዚህ ሥራዎቹ ግን ያንን አያሳዩም። ቡድኑ በኮምፒውተር ኮልቺሲን የሚባለውን የሪህ መድኃኒት የሚመስሉ ሞለኪውሎችን እየቀረጸ ቤታ-3 የሚባለውን የቲዩቡሊን ዓይነት ለመምታትም ሞክሯል። ቤታ-3 በተለያዩ ካንሰሮች ላይ ይበዛል፣ ካንሰሩ ፓክሊታክሴልን እንዲቋቋም ከሚያደርጉ ነገሮችም አንዱ ነው። ጤነኛ ነርቭም ላይ ግን አለ። ዞሮ ዞሮ ነርቭ ጋ።

ማይክሮቲዩቡል የንቃተ ሕሊና መቀመጫ ነው ይባላል፤ እሱን መንካት አእምሮን አይነካም?

ያ የሮጀር ፔንሮዝና የስቱዋርት ሃሜሮፍ መላምት ነው፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያለ። አብዛኛው የአንጎል ሳይንቲስት አይቀበለውም። ለአሁኑ ይኼ ይበቃል።

የወስፋት ኪኒን የአንጎል ካንሰር ያድናል የሚባለው እውነት ነው?

ትምህርት ቤት ልጆች የሚውጧቸው ሜቤንዳዞልና አልቤንዳዞል ትሉን የሚገድሉት የትሉን ቤታ ቲዩቡሊን ይዘው ማይክሮቲዩቡሉን በማፍረስ ነው። ትሉ ግሉኮስ መሳብ ያቅተውና ይራባል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እነዚህ መድኃኒቶች ለሆድ ትል ምን ያህል እንደሚሠሩ በማጥናት የቆየ ስም አለው። እንግዲህ ወሬው የተነሳው ከባዶ አይደለም።

አሜሪካ ባለው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይጦች ላይ የአንጎል ዕጢ ለማብቀል ሲሞክሩ በአንድ ወቅት እምቢ አለ። ለካ አይጦቹ ለትል ፌንቤንዳዞል ተሰጥቷቸው ነበር። ተከታትለውት በ2011 ሜቤንዳዞል ግሊዮብላስቶማ ያለባቸውን አይጦች ዕድሜ እንዳራዘመ አሳተሙ። አጥሩንም የተወሰነ ያህል ያልፋል። ከዚያ በሰው ላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ተደርጓል፣ ለትል ከሚሰጠው እጅግ በላቀ መጠን፣ ደምና ጉበት እየተመረመረ። ያድናል የሚል ውጤት ግን አልወጣም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አንድ ወጣት 20 ፓኬት ሜቤንዳዞል ጠየቀኝ። ትምህርት ቤት ልታድል ነው እንዴ ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፤ ወንድሙ ነው። አይጦቹ ዕድሜ ጨመሩ እንጂ አልዳኑም አልኩት፤ ኪኒኑ አብዛኛው ከአንጀት ወደ ደም እንደማይገባ፣ በብዛት ሲወሰድ ግን የደም ሕዋስን ሊጥልና ጉበትን ሊጎዳ እንደሚችል፣ በዚያ ላይ ወንድሙ ቴሞዞሎማይድ እየወሰደ ስለሆነ ሁለቱ ተደርበው መቅኔውን እንዳይመቱት። አልሸጥኩለትም። ሌላ ቦታ ገዝቶ እንደሆነ አላወቅኩም።

የሪህ መድኃኒት የሆነውን ኮልቺሲንንም እንዲሁ የሚጠይቁ አሉ። ማይክሮቲዩቡልን እንደሚይዝ እውነት ነው፤ እንዲያውም ቲዩቡሊን የተለየው ከኮልቺሲን ጋር እየተያያዘ ነው። ግን በመድኃኒትነቱና በመርዝነቱ መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት ኪኒን ነው። ለዚህ ብላችሁ እንዳትነኩት።

ማይክሮቲዩብና ማይክሮቲዩቡል አንድ ናቸው?

አይደሉም፣ ስማቸው የሚለያየው መጨረሻው ላይ ብቻ ነው። በ2015 በጀርመን ሃይደልበርግ ያለው የፍራንክ ዊንክለር ቡድን የግሊዮብላስቶማ ሕዋሶች ረጃጅም ክንድ ዘርግተው እርስ በርስ እንደሚገናኙ አሳየ፤ ያንን ክንድ የዕጢ ማይክሮቲዩብ አሉት። ሕዋስ ሙሉ የሚያህል ነገር ነው፤ ማይክሮቲዩቡል ውስጡ ካሉት ምሰሶዎች አንዱ ነው። በዚህ መረብ የተያያዙት ሕዋሶች ጨረርን የበለጠ ይቋቋማሉ። ዜና ስታነቡ የትኛው እንደሆነ እዩ።

ቦታ ሸጠን ወደ ውጪ እንውሰደው?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ሁልጊዜ ቆሞ ነው የሚጠይቀኝ፣ ወንበር ስሰጠውም አይቀመጥም። ቁጥሩን ልንገራችሁ። የኤሌክትሪክ ቆቡ አሜሪካ ውስጥ የተቆረጠለት ዋጋ በወር 21,000 ዶላር ገደማ ነበር፣ ለጨርቆቹም በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ቅያሪ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ባትሪው የት ይሞላል የሚለውን እንተወው። በአንጻሩ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ቴሞዞሎማይድ፣ ማለትም የሕክምናው ዋና መሠረት፣ አገር ውስጥ አለ። ወረፋ አለው፣ መድኃኒቱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፣ ግን አለ። ቦታ ከመሸጥ በፊት እሱ ያለቀ ይሁን።

አዲስ መድኃኒት ልንሞክርላችሁ የሚል ካለ፣ ማን ነው የሚከፍለው ብላችሁ ጠይቁ። በደንቡ የተመዘገበ ምርምር አብዛኛውን ጊዜ የሚሞከረውን መድኃኒት ለታማሚው አይሸጥም። በማይክሮቲዩቡል ስም በሺህ የሚቆጠር ዶላር ቅድሚያ ክፈሉ የሚል ካጋጠመ እዚያው ይቁም።

የትም ብትሄዱ፣ ጥቁር አንበሳም ይሁን ሕንድ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የዕጢው ዓይነት ነው። ስለዚህ ኤምአርአዩን በፊልም ብቻ ሳይሆን በሲዲ ተቀበሉ፤ የፓቶሎጂውን ወረቀት ዋናውን ያዙ፣ ኮፒውን ስጡ። ከቀዶው የወጣው ናሙና በሰም ተደርጎ የተቀመጠበት ብሎክ አለ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ናት። ሌላ ምርመራ ቢታዘዝ ዳግም ጭንቅላት ከመክፈት የምታድነው እሷ ናት፤ ከላቦራቶሪው በፊርማ መውሰድ ይቻላል። ስትጓዙ መኪናው መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አታስቀምጧት፣ ሰሙ ይቀልጣል።